ያልታጠበ ፊልም የማን ነው?

ዛሬ የማነሣው ጥያቄ የተወለደው ከአውራ ጣት ብዙም ከማትበልጥ ዕቃ ነው። ባለፈው ክረምት የአያታችንን የእንጨት ሣጥን ስናጸዳ፣ ከድሮ ደብዳቤዎችና ከቤት ኪራይ ደረሰኞች ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ አንድ የጥቁርና ነጭ ፊልም ጥቅል ተገኘ። 12 ፎቶግራፍ ከሚያነሡት ከድሮዎቹ ዓይነት ነው። እስከ መጨረሻው ተነሥቶበት በወረቀቱ ታሽጎ ተቀምጧል፤ ነገር ግን አልታጠበም። ካሜራው ከቤታችን ከወጣ ብዙ ዘመን ሆኖታል። አያታችንም ካረፉ ዐሥራ አንድ ዓመት አልፏል።

ታላቅ ወንድሜ ወዲያው «እናሳጥበው!» አለ። ሴት አያታችን ግን ጥቅሉን ከእጁ ተቀብለው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩትና፣ «እሳቸው እንዲታይ ቢፈልጉ ኖሮ ራሳቸው ባሳጠቡት ነበር፤ ተዉት» አሉ። ወንድሜም ዝም አላለም። «እማማ፣ የሞተ ሰው ምን ይጎዳዋል? እኛ ግን ታሪካችንን እናጣለን» ሲል መለሰላቸው።

እኔ በሁለቱ መካከል ቀረሁ። ሁለቱም እውነት ያላቸው መሰለኝ። ለመሆኑ አንድ ሰው ያነሣውን፣ ነገር ግን ያላሳጠበውን ፊልም ሌላ ሰው ከብዙ ዓመት በኋላ አግኝቶ ቢያሳጥብ ተገቢ ነውን? ፊልሙስ የማን ነው? ያነሣው ሰው ነው? በውስጡ ያሉት ሰዎች ናቸው? ወይስ ያገኘው? ጥያቄው ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ነገር ግን የሌላውን ሰው ምስጢር በእጁ የያዘ ሁሉ አንድ ቀን የሚገጥመው ጥያቄ ነው።

በቅድሚያ ስለ ፊልሙ ጥቂት እንናገር። እኛ በእጅ ስልክ አንሥተን በዚያው ቅጽበት የምናይ ትውልድ ነንና የድሮው አሠራር ላይገባን ይችላል። በፊልሙ ላይ በተቀባው ስስ ሽፋን ውስጥ ብርሃን የሚለውጣቸው እጅግ ጥቃቅን የብር ጨው ቅንጣቶች ተበትነዋል። የካሜራው መዝጊያ ተከፍቶ ሲዘጋ፣ ብርሃን ባገኘው ቅንጣት ላይ ጥቂት የብር አቶሞች ይሰበሰባሉ። አራት ያህል ብቻ ቢሰበሰቡ እንኳ ቅንጣቱ ምልክት አገኘ ማለት ነው። ይህን ምልክት ዓይን አያየውም። ፊልሙ በጨለማ ክፍል በማጠቢያው ኬሚካል ሲነከር ግን ምልክት ያገኘው ቅንጣት ወደ ጥቁር ብርነት ይለወጣል፤ ያ ኢምንት ምልክት በቢልዮን እጥፍ ያህል አድጎ ፊት፣ እጅ፣ ዛፍ፣ ቤት ሆኖ ይወጣል። እንግሊዛዊው ዊልያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት ይህን ስውር ምስል በወረቀት ላይ በኬሚካል ማውጣትን የደረሰበት በ1840 እ.ኤ.አ. ነበር።

እንግዲህ ያልታጠበ ፊልም ባዶ አይደለም። አጣቢው ምስሉን አይፈጥረውም፤ የነበረውን ይገልጠዋል እንጂ። ይህን ሳስብ «ያልታየ ነገር እንዳልነበረ ይቆጠራል» የሚለው የብዙዎቻችን የልብ አሳብ ስሕተት መሆኑ ይታየኛል። ያደረግነው ነገር፣ መልካምም ይሁን ክፉ፣ ማንም ባያየውም ተደርጓል። ብርሃኑ አንድ ጊዜ ጽፎታል።

ሆኖም ፊልም ሌላም ጠባይ አለው። አባቶቻችን «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላሉ። በፊልም ላይ ያለ እውነት ግን እያደር ይደበዝዛል። ሙቀት፣ እርጥበትና ከምድርም ከሰማይም የሚመጣው የተፈጥሮ ጨረር ብርሃን ያላገኙትን ቅንጣቶች ሳይቀር ቀስ በቀስ ምልክት ያደርጉባቸዋል። ከዚህ የተነሣ ፊልሙ ሲታጠብ ምስሉ በጭጋግ ውስጥ ይዋጣል። ደግሞም ፊልም የሚታጠበው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አጣቢው ቢሳሳት የሚመለስ ነገር የለም፤ የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም። ስለዚህ ያገኘው ሰው በሁለት ፍርሃት መካከል ነው፤ ቢቸኩል ሊያጠፋው፣ ቢዘገይም ሊጠፋበት ይችላል።

ይህን ካልን በኋላ አንድ በሰፊው የታወቀ ታሪክ እንመልከት። በሐምሌ ወር 1897 እ.ኤ.አ. ሰሎሞን አውጉስት አንድሬ፣ ኒልስ ስትሪንድበርግና ክኑት ፍሬንክል የተባሉ ሦስት ስዊድናውያን «ንስር» በተባለ፣ በሃይድሮጅን በተሞላ ባሉን ከስፒትስበርገን አጠገብ ካለች ደሴት ተነሥተው ወደ ሰሜን ዋልታ በረሩ። ሦስት ቀን ሳይሞላ ባሉኑ በበረዶው ባሕር ላይ ወረደ። ሦስቱ ሰዎች ሸርተቴያቸውን እየጎተቱ ለወራት በተንሳፋፊ በረዶ ላይ ተጓዙ፤ በመጨረሻም ክቪቶያ፣ ማለት «ነጭ ደሴት» በምትባለው ምድር ሞቱ። ዓለም ለ33 ዓመታት የት እንደ ደረሱ አላወቀም። በነሐሴ ወር 1930 ብራትቮግ የተባለች የኖርዌይ መርከብ ሰዎች ዐፅማቸውንና ሰፈራቸውን አገኙ። ከዕቃቸውም መካከል ስትሪንድበርግ ያነሣው ፊልም ነበረበት።

ፊልሙ ከ30 ዓመት በላይ በበረዶና በእርጥበት ውስጥ ተቀምጦ ነበር። በስቶክሆልም የንጉሣዊው የቴክኖሎጂ ተቋም መምህር የነበሩት ጆን ኸርትስበርግ በብዙ ጥንቃቄ አጠቡት፤ ከ240 ምስሎችም 93 ያህሉን አዳኑ። ከሁሉ ይልቅ የታወቀው፣ በበረዶው ላይ በጎኑ የወደቀውን ባሉን ሁለቱ ጓደኞች ቆመው ሲመለከቱት የሚያሳየው ነው። ሦስተኛው በፎቶግራፉ ውስጥ የለም፤ የቆመው ከካሜራው ኋላ ነውና።

እነዚህን ምስሎች ማጠብ ተገቢ ነበርን? እኔ ያለ ጥርጥር ነበር እላለሁ። ስትሪንድበርግ የጉዞው ፎቶግራፍ አንሺ ነበር፤ ያነሣውም እንዲታይለት ነው። ሦስቱ ሰዎች ጭነታቸውን ለማቅለል ብዙ ዕቃ እየጣሉ በተጓዙበት መንገድ ፊልሙን ግን እስከ መጨረሻው ሰፈር ተሸክመውታል። ይህ ከቃል ኑዛዜ አያንስም። ኸርትስበርግም ያደረጉት የአደራ መልእክትን ለባለቤቱ ማድረስ ነው።

ነገር ግን በዚሁ ታሪክ ውስጥ ሌላ ትምህርት አለ። ስትሪንድበርግ አና ሻርሊየር የተባለች እጮኛ ነበረችው፤ በበረዶው ላይ ሆኖ ለእርስዋ ደብዳቤ ይጽፍ ነበር። ፊልሙ በተገኘ ጊዜ አና በሕይወት ነበረች፤ ሌላ ሰው አግብታ የምትኖር ሴት ሆናለች። በ1949 ስትሞት ልቧ በትንሽ የብር ሣጥን ሆኖ በስትሪንድበርግ መቃብር ተቀበረ። እንግዲህ ዓለም በጉጉት ያየውን ምስል እርስዋ በምን ዓይን አይታው ይሆን? ለሌላው ታሪክ የሆነው ለእርስዋ ቁስል ነበር። አንድ ፊልም ሲታጠብ የሚነካው የሞተውን ብቻ አይደለም፤ የቀረውንም ነው። የወንድሜ ክርክር የዘነጋው ይህን ነው።

ደግሞም ፎቶግራፍ እውነትን ሁሉ አይናገርም። ኒልስ ኤክሆልም የተባለ ሳይንቲስት በ1896 ለመጀመሪያው ሙከራ ከአንድሬ ጋር ተሰልፎ ነበር። ባሉኑ ጋዝ እንደሚያፈስ አይቶ አስጠነቀቀ፤ ሰሚ ባጣም ጊዜ ከጉዞው ወጣ። ፍሬንክል የገባው በእርሱ ቦታ ነው። በ93ቱ ምስሎች ላይ ይህ ሁሉ አይታይም። የሚታየው ጀግንነትና ድካም ብቻ ነው። ስለዚህ ፊልም ያገኘ ሰው «አሁን እውነቱን አወቅሁ» ለማለት ባይቸኩል መልካም ነው። ያየው የእውነትን አንድ ገጽ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ተቃራኒው ምሳሌ እንሂድ። ቪቪያን ማየር በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ ሞግዚት ሆና የሰው ልጆች እያሳደገች የኖረች ሴት ነበረች። በትርፍ ጊዜዋ በየመንገዱ እጅግ ብዙ ፎቶግራፍ አነሣች፤ ነገር ግን ሥራዋን ለሕዝብ አላሳየችም። በእርጅናዋ ዘመን ዕቃዋን ያስቀመጠችበትን ኪራይ መክፈል ስላልቻለች፣ በ2007 እ.ኤ.አ. ንብረቷ በሐራጅ ተሸጠ። በውስጡ በመቶዎች የሚቆጠሩ ያልታጠቡ ፊልሞች ነበሩ። እርስዋ በ2009 ስታርፍ ስሟን የሚያውቅ ጥቂት ነበር፤ ዛሬ ግን ምስሎቿ በታላላቅ አዳራሾች ይሰቀላሉ። የባለመብትነቱም ክርክር ፍርድ ቤት ደርሷል።

ምስሎቿ ያማሩ መሆናቸውን የሚክድ የለም። ነገር ግን ስትሪንድበርግ ሊሞት ሲል ፊልሙን ተሸከመ፤ ማየር ግን በሕይወት ሳለች አላሳየችም። ያላሳየችው ገንዘብ ስላጠራት ነው? ወይስ ስላልፈለገች? ሁለቱ ምክንያቶች እጅግ የተለያዩ ናቸው። በመጀመሪያው ምክንያት ከሆነ ያጠበላት ሰው ውለታ ውሎላታል፤ በሁለተኛው ከሆነ ግን በሯን ሳያንኳኳ ገብቷል።

ሌላው ጋሪ ዊኖግራንድ ነው። ይህ ታዋቂ አሜሪካዊ ፎቶግራፍ አንሺ በ1984 ሲሞት 2,500 ያህል ጥቅል ፊልም ሳይታጠብ ትቶ ሄደ። ፊልሞቹ ታጥበው በ1988 በኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በተደረገው ዐውደ ርእይ አንዳንዶቹ ታዩ። ዝግጅቱን የመሩት ጆን ሻርኮውስኪ ራሳቸው በመጨረሻዎቹ ዓመታት ሥራ ቅር መሰኘታቸውን ጽፈዋል። እኔ ግን እላለሁ፤ ሰውዬው በሕይወት ቢኖር ደካማውን ለይቶ ይጥለው ነበር። የመምረጥ ዕድል ያላገኘን ሰው በረቂቁ መመዘን ሙት ወቃሽ መሆን ነው።

ከእነዚህ ሦስት ምሳሌዎች የምንማረው ምንድን ነው? ዝምታ ሁሉ አንድ ዓይነት አለመሆኑን ነው። በሞት የተቋረጠ ንግግር አለ፤ እርሱን ማስቀጠል ይገባል። ታስቦበት የተጠበቀ ምስጢርም አለ፤ እርሱን ማክበር ይገባል። ጥቅሉ ግን ከላይ ሲታይ ያው ጥቅል ነው። የትኛው እንደ ሆነ የሚነግረን ኬሚካሉ ሳይሆን ሰው ነው። ስለዚህ ወደ ጨለማው ክፍል ከመግባታችን በፊት መጠየቅ ያለብን የሚያውቁትን ነው።

እኔና ወንድሜም ያላደረግነው ይህንኑ ነበር። ስንከራከር ሰነበትን እንጂ «እማማ፣ ለምን አላሳጠቡትም?» ብለን አልጠየቅንም። አንድ ማታ ቡና ተፈልቶ ሳለ ጠየቅኋቸው። ብዙ ዝም ካሉ በኋላ እንዲህ አሉኝ፤ «በፊልሙ ያሉት የአያታችሁ ታናሽ ወንድምና ጓደኞቹ ናቸው። በ1969 ዓ.ም. በግቢያችን ተነሡ። ያን ጊዜ ፊልም የሚታጠበው ፎቶ ቤት ነው፤ ማሳጠብ ማለት ለማታውቀው ሰው ማሳየት ማለት ነው። ፊት ከታየ ስም ይጠየቃል። ሰው ሁሉ ፎቶውን እያቃጠለ ነበር። እሳቸው ማቃጠሉ አልሆነላቸውም፤ ደበቁት። ልጁ በዓመቱ ወጥቶ አልተመለሰም።»

የቀይ ሽብርን ዘመን እኛ በመጽሐፍና በትረካ ብቻ የምናውቀው ነን። አያቴ ግን ጥቅሉን እየዳሰሱ ይናገሩ ነበር። «ከዚያ ዘመን በኋላስ? ፍርሃቱ ካለፈ በኋላ ለምን አልታጠበም?» አልኋቸው። «ከዚያ በኋላማ ፊቱን ማየት ፈሩ። ሆድ ይፍጀው አሉ» አሉኝ።

ውድ አንባቢያን፣ በአንዲት ጥቅል ውስጥ ሁለት ዝምታ እንደ ነበረ ልብ በሉ። የመጀመሪያው ዝምታ የሌሎችን ነፍስ ለማዳን የተደረገ ነው፤ ይህ ታላቅ ሥራ ነው። በዚያ ዓመት ያንን ፊልም ማሳጠብ ሰው አሳልፎ መስጠት ሊሆን ይችል ነበር። ሁለተኛው ዝምታ የራስን ሐዘን ለመሸከም ካለመቻል የመጣ ነው። በዚህ ማንም አያትን አይወቅስም። ነገር ግን የመጀመሪያው ምክንያት ካለፈ፣ ሁለተኛውም ከባለቤቱ ጋር ወደ መቃብር ከወረደ፣ ዝምታው አሁን የሚጠብቀው ማንን ነው?

ይህን ጥያቄ የመለሱት አያቴ ራሳቸው ናቸው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ጥቅሉን ከነጠላቸው ፈትተው ለወንድሜ ሰጡትና፣ «እኔ ካለፍሁ በኋላ ብታጥቡት ፊት ታያላችሁ እንጂ ማን እንደ ሆነ የሚነግራችሁ የለም። አጥቡት፤ ብቻ መጀመሪያ እኔ ልየው» አሉ። በዚህ አነጋገር ከእኔ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት የበለጠ ማስተዋል አየሁበት። ፊልሙ እየደበዘዘ ነው፤ የሚያውቀው ሰውም እየሸመገለ ነው። ከሁለቱ አንዱ ቀድሞ ቢሄድ ሌላው ብቻውን ምስክር መሆን አይችልም።

በአንድ የድሮ ፎቶ ቤት ብዙ ዘመን የሠሩ አንድ አዛውንት ሥራውን ተቀበሉን። መጀመሪያ በጨለማ ከፊልሙ ጫፍ ጥቂት ቆርጠው ሞከሩ፤ ከዚያም ጭጋጉን ለመቀነስ ወደ ማጠቢያው ጥቂት ፖታሲየም ብሮማይድ ጨምረው ቀሪውን አጠቡ። ከ12ቱ ውስጥ ምስል የወጣላቸው አራት ብቻ ነበሩ፤ እነርሱም በጭጋግ ውስጥ ናቸው። አዛውንቱ አትመው በፖስታ አሽገው ሰጡን፤ እኛም ሳንከፍት ለአያቴ አደረስን። እማማ መነጽራቸውን አድርገው ለረዥም ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያ ጣታቸውን በአንድ ፊት ላይ አሳርፈው የወንድማቸውን ያህል የሚወዱትን ያን ልጅ በስሙ ጠሩት። ቀጥለውም የሌሎቹን ስም አንድ በአንድ ነገሩን፤ ወንድሜ በጀርባው ጻፈ።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። ከተነሡት አንዱ ዛሬም በሕይወት ያሉ ሰው መሆናቸውን አያቴ ነገሩን። አፈላልገን ሄድን፤ ፎቶግራፉንም አሳየናቸው። ብዙ ካዩት በኋላ፣ «አንድ ለእኔ ስጡኝ። ለሌላ ግን፣ እኔ ያለሁበትን፣ እባካችሁ አታሳዩ» አሉን። ምክንያታቸውን አልነገሩንም፤ እኛም አልጠየቅንም። ወንድሜ ምስሉን ለብዙ ሰው ለማሳየት አስቦ ነበርና በመጀመሪያ ከፋው። በኋላ ግን ፎቶግራፉን ራሱ በፖስታ አሽጎ ወደ ሣጥኑ መለሰው። «አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ» የሚለው አባባል የገባኝ ያን ቀን ነው።

እንግዲህ መጀመሪያ ላነሣሁት ጥያቄ መልሴ ይህ ነው። ያልታጠበ ፊልም ያገኘው ሰው ንብረት አይደለም፤ በእጁ ያለ አደራ ነው። አደራ የተቀበለ ሰው ሁለት ነገር አይፈቀድለትም። አንደኛ፣ ባለቤቱ ማን እንደ ሆነ ሳይጠይቅ መክፈት፤ ሁለተኛ፣ ባለቤቱ ሲጠይቀው ወይም ሊያደርስለት ሲገባው ደብቆ ማስቀረት። ዝም ብሎ ማስቀመጥ ንጹሕ መስሎ ይታየናል፤ ነገር ግን ቸልታ ቀስ በቀስ የሚሠራ ጥፋት ነው። መቸኮልም እውነት ወዳድነት መስሎ ይታየናል፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ጉጉት ብቻ ነው። ማጠብና ማሳየትም የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የታጠበ ሁሉ በአደባባይ ይሰቀል ማለት አይደለም።

ከናንተም መካከል በእናት ወይም በአያት ሣጥን ውስጥ እንዲህ ያለ ጥቅል የሚያገኝ አይጠፋም። ብትከፍቱት ብርሃን በአንድ ቅጽበት ያጠፋዋልና አትክፈቱት። ከሙቀትና ከእርጥበት አርቁት። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ቡና ፈልቶ ሽማግሌዎች ባሉበት ተቀምጣችሁ «ይህ ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ «አጥቡት» ሊሆን ይችላል፤ «ተዉት» ሊሆንም ይችላል። መልስ የሚሰጥ ሰው ሳለ ካልጠየቅን ግን አንድ ቀን እኛው ከጭጋግ ውስጥ የወጣ ፊት ይዘን ስሙን የሚነግረን እናጣለን።

ቸር ይግጠመን።